የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የልጆች ሙዚቃዊ ቴአትር በብዙ ካሜራ ሲቀረጽ

የትምህርት ዘመኑ መዝጊያ ሲቃረብ የድራማና የሙዚቃ ክበባት ጥያቄ ይበዛል። ዘንድሮ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ላይ ያርፋሉ፦ ልጆች የሚዘፍኑበትን፣ የሚወዛወዙበትንና የሚተውኑበትን ዝግጅት በሦስት ወይም በአራት ካሜራ፣ በቦታው ምስል እየቀያየሩ እንዴት በወጉ መቅረጽ እንደሚቻል። ስድስቱን መርጠን መልሰናል።

በክበባችን 42 ተማሪዎች የሚሳተፉበት የአንድ ሰዓት ተኩል ሙዚቃዊ ቴአትር እየተለማመድን ነው። ያለን ሦስት ካሜራ ነው፤ ሁለት የፎቶ ካሜራ (አንዱ ትልቅ ሴንሰር ያለው ፉል ፍሬም ነው፣ 70-200 ሌንስ አለው) እና አንድ ረጅም ዙም ያለው የቪዲዮ ካሜራ። አዳራሹ ከመድረኩ እስከ ኋላው ግድግዳ 22 ሜትር ይሆናል። የት የት እናቁማቸው?
*የድራማ ክበብ ተጠሪ መምህርት፣ ከባሕር ዳር*

አንደኛውን ካሜራ ለመላው መድረክ ይስጡትና ከዚያ በኋላ ማንም አይንካው። ከኋላ መሐል ላይ ይቁም፣ ከመጋረጃ እስከ መጋረጃ ይያዝ፣ ፎከሱ በእጅ ይቆለፍ። ሌላው ሁሉ ሲበላሽ፣ ባለካሜራው ሲሳሳት፣ ልጅ ባልተጠበቀ በር ሲገባ መሸሻዎ ይህ ምስል ነው። ስፋቱ 10 ሜትር የሆነ መድረክ ከ20 ሜትር ርቀት ግራና ቀኙ ትንሽ ተርፎት እንዲገባ በፉል ፍሬም ካሜራ 60 ሚሊሜትር፣ ሴንሰሩ አነስ ባለው ደግሞ 40 ሚሊሜትር አካባቢ ሌንስ ይበቃል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ያለ 70-200 የመጣው ካሜራ ይሁን።

የቅርብ ምስል ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው 200 ሚሊሜትር ሁሉን ያቀርባል ብሎ በማሰብ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። የሴንሰሩን ቁመት በርቀቱ ያባዙና ለሌንሱ ቁጥር ያካፍሉት፤ የሚያገኙት በምስሉ ውስጥ ከላይ እስከ ታች የሚገባውን ቁመት ነው። ፉል ፍሬም ካሜራ ቪዲዮ ሲቀርጽ የሚጠቀምበት የሴንሰር ቁመት 20 ሚሊሜትር ያህል ነው። ከ20 ሜትር ርቀት በ200 ሲያነሱ 20 በ20 ተባዝቶ ለ200 ሲካፈል 2 ሜትር ይሆናል። 2 ሜትር ማለት እጁን የዘረጋ ልጅ ከእግር እስከ ራስ ነው። ፊት አይደለም። ያው ሌንስ 10 ሜትር ላይ ሲቀመጥ 1 ሜትር ይይዛል፤ ልጁ ከወገብ በላይ ይመጣል፤ ዓይኑ ይነበባል። ስለዚህ 70-200 ያለውን ካሜራ ከኋላ አያስቀምጡት። ከመድረኩ 8 እስከ 10 ሜትር ላይ፣ ከጎን፣ መተላለፊያው አጠገብ ይሁን። ከኋላ መሐል፣ ከሰፊው ካሜራ ጎን፣ የቪዲዮ ካሜራው ይቁምና ዋናውን ዘፋኝ እየተከተለ ይያዝ፤ ለዚያ ርቀት የተሠራው ዙም እሱ ነው።

ጎኑ ግራ ይሁን ቀኝ የሚወስነው ተራኪው ወይም ብዙ የሚዘፍነው ልጅ የሚቆምበት ቦታ ነው። በቀኝ የቆመ ልጅ ፊቱን ወደ መሐል ስለሚያዞር ሙሉ ፊቱን የሚያገኘው በግራ ያለ ካሜራ ነው። የጎን ካሜራ ሌላ ጥቅምም አለው፤ ከፊት ሲታዩ እርስ በርስ የሚሸፋፈኑ ሦስት ረድፍ ዘማሪዎች ከጎን ሲታዩ ሰልፉ ይከፈታል።

ከፍታን በተመለከተ፣ ሌንሱ መድረክ ላይ በቆመው ልጅ ዓይን ልክ ይሁን። መድረኩ 1 ሜትር፣ የልጁ ዓይን ደግሞ 1.3 ሜትር ከሆነ ሌንሱ ከአዳራሹ ወለል 2.3 ሜትር ላይ ይሆናል ማለት ነው። 80 ሳንቲሜትር ያህል ከፍታ ያለው መቆሚያ ሠርታችሁ ትራይፖዱን ማስረዘም ነው። መቆሚያው ሰው የሚመላለስበትን የእንጨት ወለል አይንካ። በረጅም ዙም ላይ አንድ ሰው ረግጦ ማለፉ ብቻ ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል። ከጎን ካሜራው ፊት ያሉትን ሁለት ረድፍ ወንበሮችም ባዶ ያድርጓቸው። ወላጅ ልጁ ሲዘፍን ስልኩን ይዞ መነሣቱ አይቀርም፤ ይህን መከልከል አይገባም። በሌላኛው ጎን “ፎቶ ማንሻ” የሚል ቦታ ቢዘጋጅላቸው ሁሉም ደስ ይለዋል።

አንድ ነገር አደራ እንላለን። 42 ልጆች አሉዎት። የ42ቱን ስም በአንድ ገጽ ይጻፉና ከእያንዳንዱ አጠገብ ፊቱ ለብቻው የሚታይበትን ዘፈን ያመልክቱ። ዋና ተዋናዮቹ መታየታቸው አይቀርም። በሦስተኛው ረድፍ ጥግ የቆመችው ልጅ ግን ካልታሰበላት ዝግጅቱ ያልቃል፣ እሷ አትኖርም። የኅብረ ዝማሬው አዝማች ሲመጣ የጎን ካሜራው ረድፉን ቀስ ብሎ ይቃኝ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ 3 ሰከንድ ቢደርስ ይበቃል።

ድምፁን በቀጥታ ከአዳራሹ የድምፅ ሚክሰር ወስደን ነበር። ስንሰማው የዘፋኟ ድምፅ ጆሮ ላይ የተለጠፈ ያህል ደረቅ ነው፤ ከበሮው የለም፣ ኅብረ ዝማሬው ከሩቅ ነው፣ የሕዝቡ ጭብጨባና እልልታም ጠፍቷል። ይባስ ብሎ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማው ድምፅ በስልክ ስፒከር ሲከፈት ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ምን አጠፋን?
*የቪዲዮ ባለሙያ፣ ከሐዋሳ*

ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች ናቸው። ሁለተኛው አጭር ስለሆነ ከእሱ እንጀምር። ከሚክሰሩ የሚወጣው ባለሦስት ፒን መስመር አንድን ድምፅ በሁለት ሽቦ፣ አንዱን በሌላው ግልባጭ አድርጎ ይልካል። ያንን በተራ ገመድ ወደ ትንሿ የስቴሪዮ መሰኪያ ካስገቡት ዋናው ግራ፣ ግልባጩ ቀኝ ይሆናል። በጆሮ ማዳመጫ ሁለቱ ለየብቻ ስለሚሰሙ ችግሩ አይታወቅም። ስልክ ግን ሁለቱን ሲደምር እርስ በርስ ይጣፋሉ። አሁን በእጅዎ ያለውን ቅጂ ለማዳን በማቀነባበሪያው ላይ ግራውን ብቻ ይውሰዱና በሁለቱም በኩል ያድርጉት። ለወደፊቱ ደግሞ የመሬት መነጠያ ትራንስፎርመር ያለው የመስመር መቀየሪያ ሣጥን ይጠቀሙ፤ ከመብራቱ የሚመጣውን “ኡምም” የሚል ድምፅም አብሮ ያስቀራል። ምስል መቀየሪያው (ካሜራዎቹ ተሰክተው ምስሉ የሚቀያየርበት መሣሪያ) ላይ የድምፅ መግቢያው “ማይክ” ሳይሆን “ላይን” መባሉን ያረጋግጡ። ማይክ ላይ ከተተወ ድምፁ ገና ሲገባ ይሰነጠቃል፤ ያንን ማንም አያክመውም።

የመጀመሪያው ጥፋት የሚመጣው የአዳራሹ ድምፅ የተመጠነው ለአዳራሹ ስለሆነ ነው። ከበሮ ያለ ማይክ አዳራሹን ይሞላል። የድምፅ ባለሙያውም ስለማያስፈልገው ወደ ስፒከሩ አይሰደውም። ለተመልካቹ ትክክል ነው። እርስዎ ግን ከስፒከሩ የሚወጣውን ብቻ ስለወሰዱ ከበሮው አልደረሰዎትም። ከተቻለ ከዲጂታል ሚክሰሩ እያንዳንዱን መስመር ለየብቻ መቅዳት ነው። ለምሳሌ ቤሪንገር ኤክስ 32 ዩኤስቢ ካርዱ ካለው 32 መስመር ወደ ኮምፒውተር ያወጣል። ይህ ከሌለ የድምፅ ባለሙያውን ለቀረጻ ብቻ የሚሆን ሌላ ቅልቅል በረዳት መውጫ እንዲልክልዎ ይጠይቁት። ከፌደሩ (የእያንዳንዱ ማይክ ድምፅ ከፍና ዝቅ ከሚደረግበት ተንሸራታች) በኋላ የሚወሰድ ይሁን፤ ልጁ ከመድረክ ሲወጣ ማይኩ ሲዘጋ በእርስዎም በኩል እንዲዘጋ። በዚያ ቅልቅል ላይ ግን ከበሮው፣ ክራሩና ኪቦርዱ ለአዳራሹ ከሚሄደው ከፍ ብለው ይምጡ።

ለከበሮው በሰፊው አፍ በኩል ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ፣ ከመሐሉ ትንሽ ፈንጠር ብሎ፣ ዳይናሚክ ማይክ ይቁም። ማሲንቆ ከቆዳው 30 ሳንቲሜትር ያህል ላይ ይበቃዋል። ለኅብረ ዝማሬው በመድረኩ ከንፈር ሁለት ኮንደንሰር ማይክ ያቁሙ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከማይኩ እስከ ልጆቹ ካለው ርቀት ሦስት እጥፍ ቢሆን አንዱ የሌላውን ድምፅ አያበላሽም። ከእግራቸው ሥር ስፖንጅ ያድርጉ፣ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውንም ይቁረጡት፤ አለዚያ እስክስታው ሲጀመር የሚሰማው የእግር ድብደባ ብቻ ይሆናል።

እልልታውን ለማግኘት ሌላ ሁለት ማይክ በመድረኩ ጥግና ጥግ፣ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው፣ ጀርባቸውን ለስፒከሩ ሰጥተው ይቁሙ። ከኋላ ግድግዳ ማስቀመጥ የተለመደ ስህተት ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚሄድ 17 ሜትር ላይ ያለ ማይክ ዘፈኑን 50 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ያገኘዋል። ከሚክሰሩ ድምፅ ጋር ሲደባለቅም ዋሻ ውስጥ የተዘፈነ ይመስላል። እነዚህን ማይኮች በዘፈን ጊዜ ዝቅ፣ በዘፈኑ መጨረሻ ከፍ ማድረግ በኋላ በቅንብር የሚሠራ ስለሆነ በተለየ መስመር ይቀዱ። ሁሉም ነገር ጫፉ ከ−12 ዴሲቤል ብዙ እንዳያልፍ አድርገው በ48 ኪሎኸርዝ ይቅዱ። ልጅ በልምምድ ከሚዘፍነው በዕለቱ ይጮኻል፤ ያ ቦታ የሚተወው ለዚህ ነው።

ስለ ሽቦ አልባ ማይኮች አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። ነጠላ የለበሰች ልጅ ደረት ላይ ማይክ አይደረግም። ጥጡ ማይኩን ሲነካ የሚወጣው ሽርክት ከዘፈኑ ይበልጣል። በግንባሯ ፀጉር መነሻ ላይ ወይም በጉንጯ በኩል በሕክምና ፕላስተር ይለጠፍ፣ ሽቦው በጆሮ ጀርባ ወርዶ በአንገት ላይ ይያዝ። ባትሪ ለእያንዳንዱ ዝግጅት አዲስ ይሁን። ከትናንቱ የተረፈ ባትሪ የሚያልቀው ሁለተኛው ክፍል ላይ ነው።

በልምምድ ጊዜ ጥሩ የነበረው ምስል በዝግጅቱ ቀን ፊቱ አንዴ ብርቱካን፣ አንዴ ሰማያዊ ሆነ። ዋናዋ ዘፋኝ ላይ መብራት ሲያተኩር ፊቷ ነጭ ሆኖ ይጠፋል። ከኋላ ያለው ኤልኢዲ ስክሪን ላይ ደግሞ ጥቁር መስመር ይወርዳል።
*ካሜራ ያዥ፣ ከአዲስ አበባ*

በካሜራው ላይ “አውቶ” የሚል ነገር ካለ ይጥፋ። ዋይት ባላንስ (የቀለም ልኬት)፣ አይሪስ (የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ)፣ ጌይን (ብርሃንን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ማሳደጊያ)፣ ፎከስ ሁሉም በእጅ ይሁኑ። አውቶ ካሜራ ጥቁር መጋረጃ ሲያይ “ጨለማ ነው” ብሎ ይከፍታል፤ የፊቷ መጥፋት ምክንያቱ ይህ ነው። የፊት መብራቱ ብቻ በርቶ እያለ ነጭ ወረቀት መድረኩ ላይ ይያዝና ሁሉም ካሜራዎች በዚያው ጊዜ፣ በዚያው ወረቀት ይመጠኑ። የቆየው አምፖል ከሆነ 3200 ኬልቪን፣ ኤልኢዲ ከሆነ ከ4500 እስከ 5600 ይሆናል። ቁጥሩ ምንም ይሁን፣ የሁሉም ካሜራ አንድ መሆኑ ይበልጣል። በኋላ መብራቱ ሰማያዊ ሲሆን ሰማያዊ ሆኖ ይታይ፤ የቴአትሩ ሐሳብ ነው።

ብርሃኑን የሚመጥኑት የልጁን ፊት አይተው ነው እንጂ ልብሱን አይደለም። በዜብራ (ብሩህነትን በመቶኛ ለይቶ በሰረዝ በሚያሳየው የካሜራ ምልክት) ለነጣ ያለ ፊት የተጻፈውን 70 ይርሱት። ጠቆር ያለ ፊት ከ40 እስከ 45፣ ቀላ ያለው ከ55 እስከ 60 ላይ ሲሆን ቆዳው ቆዳ ይመስላል። ነጭ የሐበሻ ልብስ ከጠቆረ ፊት ጋር ሲመጣ ልብሱን ለማዳን ብሎ ፊቱን ማጨለም አለ። እዚህ ላይ የልጁ ፊት ይቅደም። ልብሱ ጥለቱ ከታየ ይበቃል።

የመብራት ባለሙያውን ከዝግጅቱ በፊት ያነጋግሩት። ንጹሕ ሰማያዊና ንጹሕ ሐምራዊ መብራት ለዓይን ያምራል፤ በካሜራ ላይ ግን ፊቱን የቀለም ጠብታ ያደርገዋል። ከፊት በኩል 20 ወይም 30 በመቶ ሞቅ ያለ ነጭ እንዲጨምር ይጠይቁት። አዳራሹ ውስጥ ያለው ተመልካች ልዩነቱን አያስተውለውም።

መስመሩ የሚመጣው ከሻተር (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን ከሚቀበልበት ጊዜ) ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ካሜራው በሰከንድ በ25 ወይም በ50 ፍሬም፣ ሻተሩም በ1/50 ወይም በ1/100 ይሁን። ከውጭ የመጣ ካሜራ ብዙ ጊዜ በ30 እና በ1/60 ተስተካክሎ ይመጣል፤ የሚያብለጨልጨው እሱ ነው። የኤልኢዲ ስክሪኑ ግን የራሱ ፍጥነት አለው። ካሜራው ሻተርን በትናንሽ እርምጃ የሚያስተካክል ከሆነ መስመሩ እስኪቆም ቀስ እያሉ ይለውጡት፤ ካልሆነ ስክሪኑ ብሩህነቱ ከግማሽ በታች እንዳይወርድ ይጠይቁ፤ ብሩህነት ሲቀነስ ማብለጭለጩ ይብሳልና።

ውዝዋዜ ለበዛበት ዝግጅት የእኛ ምርጫ 1080 በ50 ፍሬም፣ ሻተር 1/100 ነው። ምክንያቱን እስክስታ ላይ ያዩታል። በ25 ፍሬምና በ1/50 የተቀረጸ ትከሻ ጉም ይመስላል፤ ሲቆም ብቻ ነው ቅርጽ የሚይዘው። በ50 ፍሬም እያንዳንዱ ንቅናቄ ተለይቶ ይታያል፣ በልጅቷ አንገት ላይ ያለው ማተብ እንኳ ሲዘልል ይታያል። ዋጋው የአንድ ደረጃ ብርሃን ነው፤ አይሪስ በመክፈት ወይም ጌይን በ6 ዴሲቤል በማሳደግ ይካሳል።

ምስል የሚቀይረው ማን ይሁን? ባለፈው ሦስታችንም በየራሳችን ወስነን ሦስቱም ካሜራ አንድ ልጅ ላይ ሆነው ተገኙ።
*የወጣቶች ማእከል ቡድን፣ ከአዳማ*

አንድ ሰው ይወስን፤ ሌላው ይታዘዝ። የሚወስነው ሰው ልምምዱን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ቁጭ ብሎ ያየ፣ ዘፈኖቹንም የሚያንጎራጉር መሆን አለበት። በካሜራ ጎበዝ መሆኑ ሁለተኛ ነው። አንዱን ልምምድ በስልክ ከትራይፖድ ላይ ሙሉውን ይቅረጹ፤ ማታ ጽሑፈ ተውኔቱን ይዘው እያዩ በግራ ህዳጉ የካሜራውን ቁጥር፣ በቀኙ የምስሉን ዓይነት ይጻፉ፦ “2 – ሰላም ፊት”፣ “3 – ረድፉ ከግራ ወደ ቀኝ”፣ “1 – ሁሉም”። በእርሳስ ይሁን፤ አዘጋጁ እስከ መጨረሻው ቀን መለወጡ አይቀርም።

በዕለቱ ትእዛዙ ሁለት ደረጃ አለው። “ሁለት ተዘጋጅ” ሲባል ባለካሜራው ምስሉን አስተካክሎ ይቆማል፤ “ሁለት” ሲባል ይቀየራል፤ ወዲያው “ሦስት፣ ማሲንቆው ላይ” ተብሎ ነፃ የሆነው ወደሚቀጥለው ይሄዳል። በአየር ላይ ያለው ካሜራ ካልታዘዘ አይንቀሳቀስም። ባለካሜራዎቹ በራሳቸው ዝም ብለው ምስል ማቅረብ ይችላሉ፤ መናገር ግን የመሪው ብቻ ነው።

የሚቆረጠው በዜማው ሐረግ መጀመሪያ ነው። በችክችካ ምት ላይ ስድስቱን ቆጥረው “አንድ” ላይ ቢቀይሩ ዓይን መቆረጡን አያውቀውም። በሐረጉ መሐል የተቆረጠ ግን ዘፈኑን ያደናቅፈዋል። ዝግ ባለ የትዝታ ዜማ ደግሞ ባይቆርጡ ይሻላል፤ አንድ ጥሩ ፊት 20 ሰከንድ ቢቆይ ማንም አይሰለችም። ውዝዋዜ ሲጀመር መጀመሪያ ሰፊውን አሳይተው ወደ ትከሻ ይግቡ። እግር የሚሠራበትን ውዝዋዜ ከወገብ በላይ መያዝ የሠሩትን ልጆች ልፋት መቁረጥ ነው።

ለመነጋገሪያ የሽቦ ወይም የሽቦ አልባ የጆሮ መነጋገሪያ ይከራዩ። የስልክ የቡድን ጥሪ ይዘገያል፤ አዳራሹ ሲሞላም ኔትወርኩ ይወድቃል፤ “ሁለት” ያሉት ትእዛዝ ሐረጉ ካለፈ በኋላ ይደርሳል።

መቀየሪያው እያንዳንዱን ካሜራ ለየብቻ የሚቀርጽ ዓይነት ቢሆን (እንደ አቴም ሚኒ ፕሮ አይኤስኦ ያለው አራት መግቢያ ኖሮት አራቱንም ይቀርጻል) የተሳሳተ ቅያሬ በኋላ ይታረማል። ያ ከሌለ እያንዳንዱ ካሜራ በራሱ ካርድ ላይም ይቅረጽ። መቀየሪያውን ሲከፍቱ የምስሉን ዓይነት ራስዎ ይምረጡ፤ ለራሱ ከተተወ መጀመሪያ የተሰካውን ካሜራ ይከተላልና አንዱ በስህተት በ30 ከተሰካ ሁሉም በዚያ ይሄዳል።

ዘፈኖቹ በተቀዳ ሙዚቃ የሚዘፈኑ ከሆነ ትልቅ ዕድል አለዎት። ሙዚቃው ከአንድ ኮምፒውተር፣ በአንድ ፍጥነት ስለሚወጣ የመጨረሻውን ልምምድና የዝግጅቱን ቀን ምስል አንዱን በአንዱ ላይ ማስተኛት ይቻላል። በልምምዱ ቀን ተመልካች ስለሌለ ካሜራ ይዘው መድረኩ ላይ ይውጡና የቅርብ ምስሎችን ይሰብስቡ። ልብሱ፣ የፀጉር አሠራሩና መብራቱ አንድ ይሁን። የሚዘፈነው ድምፅ ግን ከአንዱ ቀን ብቻ ይወሰድ። ባንዱ በቀጥታ የሚጫወት ከሆነ ፍጥነቱ በየቀኑ ስለሚለያይ ይህ የሚሠራው አፍ በማይታይባቸው ምስሎች ብቻ ነው።

የጎን ካሜራችን ምስል እየመጣ ይጠፋል፣ ገመዱ 25 ሜትር ኤችዲኤምአይ ነው። መብራት ሲጠፋስ?
*ከደሴ*

ተራ ኤችዲኤምአይ ከ10 ሜትር በላይ አይታመንም። ከካሜራው በአጭር ገመድ ወደ ኤስዲአይ (ለረጅም ርቀት የተሠራ የቪዲዮ መስመር) መለወጫ ያስገቡት፣ በኤስዲአይ 25 ሜትሩን ይውሰዱት፣ ከምስል መቀየሪያው አጠገብ መልሰው ወደ ኤችዲኤምአይ ይለውጡት። በጥሩ ገመድ ኤስዲአይ ከ50 ሜትር በላይ ያለ ችግር ይሄዳል፤ መሰኪያውም ስለሚቆለፍ ሰው ቢረግጠው አይነቀልም። ለሁለቱ መለወጫዎች ኤሌክትሪክ ያስፈልጋቸዋል፤ እሱ ተረስቶ ሲገኝ ሱቅ ተዘግቷል። የካሜራውን ትንሿን ኤችዲኤምአይ መሰኪያ በማሰሪያ ያጥብቁት። ገመዱ ሲጎተት የሚሰበረው እሱ ነው፣ ሲሰበር ደግሞ የካሜራው ዋና ሰሌዳ ይነካል።

ኃይል፦ አራት ካሜራ፣ መቀየሪያ፣ ሞኒተርና ላፕቶፕ ተደምረው ከ250 ዋት አይበልጡም። አንድ 1000 ቪኤ ዩፒኤስ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ይይዛቸዋል፤ ግን ባትሪው ያረጀ ዩፒኤስ ወዲያው ስለሚወድቅ ከሳምንት በፊት ነቅለው ይፈትኑት። የመድረክ መብራት ዲመሮች ከተሰኩበት መስመር ኃይል አይውሰዱ። ለካርዱ፣ በሰከንድ በ50 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 22.5 ጊጋባይት ይበላል። ካርዱም ሆነ ዲስኩ የሚሰናዳው በዚያ ሒሳብ ነው። የፎቶ ካሜራዎች አንዳንዶቹ 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ በራሳቸው ያቆማሉ። የእርስዎ ያንን የሚያደርግ ከሆነ በየዘፈኑ መሐል በተራ ያቁሙና ያስነሡ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አያቁሙ።

ዋሽንግተንና ቴል አቪቭ ያሉ አያቶች በቀጥታ እንዲያዩ በዩቲዩብ ማስተላለፍ እንፈልጋለን። ምን ፈቃድ ያስፈልጋል? የቱ ሰዓት ይሻላል?
*የወላጆች ኮሚቴ፣ ከአዲስ አበባ*

ከፈቃዱ እንጀምር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ አይታይም፣ አይባዛም፣ አይሸጥም። ልጆቹ ከ18 ዓመት በታች ስለሆኑ ፈቃዱን የሚሰጠው ወላጅ ወይም አሳዳጊ ነው፤ በጽሑፍ ይሁን። ወረቀቱ ሦስቱን ለየብቻ ይጠይቅ፦ መቀረጹን፣ ለቤተሰብ በቀጥታ መተላለፉን፣ በኋላም ለሁሉም ክፍት ሆኖ መቀመጡን። አንዳንድ ወላጅ የመጀመሪያውን ፈቅዶ ሦስተኛውን እምቢ ይላል፤ መብቱ ነው። የዚያን ልጅ ቦታ ለምስል መሪው አስቀድመው ይንገሩት፤ ልጁ ከመድረክ አይነሣም፣ የቅርብ ምስል ብቻ አይወሰድበትም። ማስተላለፊያውም “ያልተዘረዘረ” ይሁንና አድራሻው ለቤተሰብ ብቻ ይላክ።

ለዘፈኖቹ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው 872/2007 አሉ። የታወቀ ዘፈን ግጥሙን ቀይራችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ የግጥምና የዜማ ባለቤቶችን ፈቃድ ይጠይቁ። ከውጭ የመጣ ሙዚቃዊ ቴአትር ከሆነ ደግሞ የማሳያ ፈቃድ ማግኘት የመቅረጫም ሆነ የማስተላለፊያ ፈቃድ አይደለም፤ ለየብቻ ይጠየቃል። በተቀዳ ሙዚቃ የሚሠሩ ከሆነ ዩቲዩብ ራሱ ሙዚቃውን ለይቶ በመሐል ሊያቋርጠው ይችላል፤ ልጆቹ የሚለማመዱበትን ሙዚቃ ራሳችሁ ብታስቀርጹ ከዚህ ትድናላችሁ።

ቻናሉ ላይ ቀጥታ ሥርጭትን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስከፍቱ እስከ 24 ሰዓት ይወስዳል፤ በዕለቱ ጠዋት አይሞከርም። ለ1080 ምስል በሰከንድ 6 ሜጋቢት፣ ለ720 ደግሞ 3 ሜጋቢት ያህል መላክ ያስፈልጋል። የሚለካው የመላኪያው ፍጥነት የዚህ እጥፍ ካልሆነ ዝቅተኛውን ይምረጡ፤ የሚቆራረጥ ጥራት ካለው ምስል የማይቆራረጥ 720 ለአያት ይበልጣል። ልኬቱ በዝግጅቱ ሰዓት፣ በዝግጅቱ ቀን ዓይነት ይሁን። የሞባይል ኢንተርኔት በባዶ አዳራሽ ጥሩ ሆኖ 400 ሰው ስልኩን ሲያወጣ ስለሚወድቅ ከቢሮ መስመር እስከ 100 ሜትር የሚደርስ የኔትወርክ ገመድ ይዘርጉ። ሥርጭቱ ቢቋረጥም ቀረጻው እንዲቀጥል ሁለቱ በተለያየ መሣሪያ ይሁኑ።

ሰዓቱን በተመለከተ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጥሩ ነው። በዋሽንግተን ሰዓታቸውን ወደፊት ባስኬዱባቸው ወራት፣ ሰኔን ጨምሮ፣ በእነሱ አቆጣጠር ከጠዋቱ 8 ሰዓት ይሆናል፤ በሌላው ጊዜ 7 ሰዓት። እስራኤል በሰኔ ከእኛ ጋር እኩል ናት፤ ቅዳሜ ግን ሰንበት ነው፣ ስልክ የማይነኩ አያቶች አሉ። ለእነሱ እሑድ ከሰዓት ይሻላል፤ እሑድ 9 ሰዓት ካደረጉት ግን በዋሽንግተን ቤተ ክርስቲያን ላይ ናቸው፤ ወደ 12 ሰዓት ማምጣት ይችላሉ፣ እዚያ ከጠዋቱ 11 ሰዓት ይሆናል። ለማንኛውም ሥርጭቱ ከመጋረጃው 15 ደቂቃ ቀድሞ በአንድ የቆመ ምስልና በሙዚቃ ይጀምር፤ አያቶቹ ድምፁ እንደሚሰማቸው አረጋግጠው ተመቻችተው እንዲጠብቁ።